የስፖርት መኪና አሞርዛተር በካምፓላ ጎዳና፦ የፋብሪካው ይሻላል ወይስ ተተኪው?

በመሃል ካምፓላ፣ ከናኪቩቦ ስታዲየም ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የኪሴካ ገበያ መኪና ተበታትኖ የሚሸጥበት ስፍራ ነው። የፊት መብራት፣ በር፣ ካምብዮና ሙሉ ሞተር አንዱ በሌላው ላይ ተከምሮ ገዢውን ይጠብቃል። ገበያው ስሙን ያገኘው እአአ ከ1986 ጀምሮ የኡጋንዳ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ኋላም ምክትል ፕሬዝዳንት ከነበሩት ከሳምሶን ኪሴካ ነው። ዛሬ ግን "ኪሴካ" ሲባል ለአብዛኛው የከተማዋ ነዋሪ በመጀመሪያ የሚታወሰው ፖለቲከኛው ሳይሆን መለዋወጫው ነው።

የስፖርት መኪና ያለው ሰው ወደዚህ ገበያ የሚያመራበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። መኪናው በካምፓላ ብዙውን ጊዜ ሱባሩ ነው፤ ኢምፕሬዛ፣ ሌጋሲ፣ ወይም ተርቦ የተገጠመለት ፎሬስተር። ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ከፊት በኩል የሚሰማው ድምፅ ይበረታል፤ ጎማውን የተሸከመው አሞርዛተርም ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ምርጫ ይደቀንበታል። በአምራቹ ካርቶን የታሸገ አዲስ የፋብሪካ ዕቃ አለ። ሌላ ኩባንያ በራሱ ስም የሚያቀርበው ተተኪ አለ። መኪናውን ዝቅ አድርጎ የሚያጠነክር፣ ከውድድር ሜዳ የተቀዳ ውድ ዓይነት አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጃፓን ከመጣ መኪና ላይ የተፈታ ያገለገለ ዕቃ በብዛት አለ፤ ሻጩም ስለዚህኛው "ኦርጂናል ነው" ማለቱ የተለመደ ነው።

ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላነጋገረ ነበር። ነገር ግን አሞርዛተሩ የደከመ መኪና ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ይነጥራል፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬን ቢረገጥም መኪናውን አያቆመውም፣ መሪ ቢጠመዘዝም አይታዘዝም። በኡጋንዳ እአአ በ2023 በመንገድ አደጋ ከ4,700 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የአገሪቱ ፖሊስ ዓመታዊ ሪፖርት ያሳያል። ፖሊስ በአብዛኛው ተጠያቂ የሚያደርገው የአሽከርካሪዎችን ፍጥነትና ጥንቃቄ ማጣት ነው። ይሁንና ቦዳ ቦዳ የሚባለው ሞተር ብስክሌት ድንገት ፊቱ ሲገባ አሽከርካሪው የሚቀረው ዕድል በእነዚያ አራት ጎማዎች ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የሰልፉ መኪና ፍቅር

ኡጋንዳ ለሱባሩ ያላት ፍቅር ከሞተር ስፖርት ታሪኳ ተነጥሎ አይታይም። እአአ በ1953 የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የመኪና ውድድር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኬንያን፣ ኡጋንዳንና የያኔዋን ታንጋኒካን የሚያካልል ነበር። ውድድሩን አምስት ጊዜ በማሸነፍ ስሙን ያስጠራው ሼካር ሜታ የተወለደው በኡጋንዳ ነው፤ ኢዲ አሚን እስያውያንን ባባረሩበት በ1972 አገሩን ጥሎ ኬንያ ገባ፣ በዓመቱም የመጀመሪያ ድሉን አገኘ። ያሸነፈበት መኪና ዳትሰን 240ዜድ የተባለ ሁለት በር ያለው የስፖርት መኪና ነበር። የስፖርት መኪና የምሥራቅ አፍሪካን መንገድ አይችልም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ ማግኘት ያስቸግራል።

ሱባሩ በ1990ዎቹ ተከተለ። ኩባንያው ከ1995 እስከ 1997 በተከታታይ የዓለም የራሊ ሻምፒዮና የአምራቾችን ዋንጫ ወሰደ፤ በ1997 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ኮሊን ማክሬ የሳፋሪን ውድድር በኢምፕሬዛ አሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኡጋንዳዊው ቻርለስ ሙሃንጊ በኢምፕሬዛ እየነዳ የአፍሪካ የራሊ ሻምፒዮን ሆነ። "ፐርል ኦፍ አፍሪካ" የሚባለው የኡጋንዳ ውድድር በሚካሄድበት ወቅት ዛሬም በቀይ አቧራው ጫፍ ተሰልፈው የሚመለከቱ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም አንዳንዱ ገንዘብ ሲያጠራቅም የሚገዛው መኪና የትኛው እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

የሚገዛው መኪና ግን አዲስ አይደለም። በጃፓን ለዓመታት ተነድቶ፣ በመርከብ ሞምባሳ ደርሶ፣ ከዚያም ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ በየብስ ተጉዞ ካምፓላ የገባ ነው። ኡጋንዳ በ2018 ባሻሻለችው የትራፊክ ሕግ ከተሠሩ 15 ዓመት የሞላቸው መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ሆኖም ቀድመው የገቡት በጎዳናው ላይ እንዳሉ ናቸው። አሞርዛተር ሞተር አይደለም፤ ውስጡ ያለው ዘይት አይቀየርም፣ ማኅተሙም ከጎማ የተሠራ በመሆኑ ቆሞ በሚውል መኪና ላይ እንኳ ያረጃል። ስለዚህ ብዙዎቹ መኪኖች ካምፓላ ሲደርሱ የተሸከሙት የፋብሪካ አሞርዛተር የሥራ ዘመኑን ያገባደደ ነው።

ሞላውና አሞርዛተሩ

ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ሞላው ይታመቃል፣ ሲወጣም ያጠራቀመውን ኃይል መልሶ ይለቃል። ብቻውን ቢሆን ኖሮ መኪናው ከአንዲት እብጠት በኋላ እንደ ኳስ ደጋግሞ በነጠረ ነበር። ያንን ኃይል የሚገድለው አሞርዛተሩ ነው፤ በውስጡ ያለው ፒስተን ዘይትን በጠባብ ቀዳዳዎች አስገድዶ ያሳልፋል፣ እንቅስቃሴውም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለዚህም ነው ከረጅም የኮረኮንች ጉዞ በኋላ አሞርዛተር ሲነካ የሚያቃጥለው።

አሞርዛተርና ሞላ የሚሉት ቃላት ራሳቸው ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ባሌስትራ፣ ካምብዮ፣ ኩሽኔታ ከሚሉት ጋር ወደ አማርኛ የገቡ የጋራዥ ቅርሶች። የካምፓላ መካኒክ በበኩሉ ለአብዛኛው ዕቃ ከእንግሊዝኛ የወረሰውን ስም ይጠቀማል። ቃሉ ይለያይ እንጂ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚነሳው ጥያቄም ከኪሴካው የተለየ አይደለም። ኢትዮጵያ እአአ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደች ወዲህ ደግሞ፣ ያሉትን እየጠገኑ የማቆየቱ ነገር ይበልጥ ትርጉም አግኝቷል።

በአብዛኞቹ የኢምፕሬዛ ሞዴሎች ላይ አሞርዛተሩና ሞላው በአንድነት ተገጣጥመው ጎማውን ቀጥ አድርጎ የያዘ ምሰሶ ይሆናሉ። ይህ አሠራር ቀላልና ጠንካራ ነው። ግን ምሰሶው ሲደክም ምቾት ብቻ ሳይሆን የጎማው አቀማመጥም ይዛባል ማለት ነው፤ ጎማው በአንድ ወገን ብቻ እየተበላ ወይም በየቦታው እየጎደጎደ መሄዱ የዚህ ምልክት ነው።

"ኦርጂናል" ሲባል ምን ማለት ነው?

ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መኪና አምራቾች አሞርዛተር ራሳቸው አይሠሩም ማለት ይቻላል፤ ልዩ ሙያቸው ይኸው ከሆነ ኩባንያዎች ያስመጣሉ። ለሱባሩና ለሌሎች በርካታ የጃፓን መኪኖች አሞርዛተር ሲያቀርብ የኖረው ካያባ፣ በንግድ ስሙ ኬዋይቢ የሚባለው ኩባንያ ነው። ይኸው ኩባንያ ለመለዋወጫ ገበያው በራሱ ካርቶን የሚያቀርባቸው አሞርዛተሮችም አሉት። ሁለቱ ፍጹም አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ለፋብሪካው የሚቀርበው ለአንድ ሞዴል ተለክቶ የተሠራ ሲሆን፣ ለገበያ የሚወጣው ለተራው ሞዴልና ለስፖርቱ ሞዴል በጋራ እንዲያገለግል ሊስተካከል ይችላል። ያም ሆኖ ለዕለት ተዕለት መንዳት ልዩነቱ ከዋጋው ልዩነት ያነሰ ነው።

አንዳንዱ የስፖርት ሞዴል ደግሞ ከፋብሪካው ሲወጣ ራሱ "የሌላ ኩባንያ" ዕቃ ለብሶ ነው። ሱባሩ በ1996 ያወጣው ሌጋሲ ጂቲ-ቢ የስሙ የመጨረሻ ፊደል የሚያመለክተው ቢልሽታይን የተባለውን የጀርመን አሞርዛተር አምራች ነው። ለዚህ መኪና ባለቤት "የፋብሪካውን ልግዛ ወይስ ቢልሽታይን?" ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ የፋብሪካው ቢልሽታይን ነው። በተቃራኒው ደግሞ የዚህን ሌጋሲ አሞርዛተር በተራ ሌጋሲ ዕቃ የተካ ሰው "ኦርጂናል ሱባሩ" ገጥሞም መኪናውን ወደ ሌላ መኪና ለውጦታል።

ጃፓን ውስጥ መኪናን ማስጌጥና ማሻሻል የተለመደ ነገር መሆኑም ነገሩን ያወሳስበዋል። ካምፓላ ከሚደርሱት የስፖርት መኪኖች ውስጥ የቀድሞ ባለቤታቸው ሞላ ያሳጠረላቸው፣ አሞርዛተር የቀየረላቸው ይገኙባቸዋል። አዲሱ ባለቤት "እንደ መጣ ነው" ብሎ የሚያምነው መኪና ከመጀመሪያውም የፋብሪካውን ላይሆን ይችላል። ማንኛውም ግዢ ከመታሰቡ በፊት ጎማውን አውልቆ የተገጠመውን ዕቃ ስምና ቁጥር ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ይህ በአንድ ጋራዥ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከሚያስወጣውም በላይ ያድናል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ያገለገለው ዕቃ ነው። በጥቅሉ ሲታይ በኪሴካ ብዙ ሰው የሚገዛው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ይረክሳል፣ ካርቶኑ አስመስሎ ከተሠራ ዕቃም ይልቅ እውነተኛ ሱባሩ ላይ የተፈታ ብረት ማየት ያሳምናል። ለበር፣ ለመብራት ወይም ለጎማ ማቀፊያ ብረት ይህ አመክንዮ ይሠራል። ለአሞርዛተር ግን አይሠራም። የሚያልቅ ዕቃ ከሌላ ሰው ያለቀበትን መግዛት፣ ስሙ የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን፣ ያንኑ ሥራ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ መክፈል ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ አዲስና የታመነ ተተኪ ካገለገለ "ኦርጂናል" ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በጀቱ ከዚያ በላይ የማይፈቅድለት ሰው ግን ቢያንስ መፈተን ይችላል። በመጀመሪያ የሚታየው ዘንጉ ነው። የሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ ትንሽ ዝገት ወይም የጠጠር ጭረት ካለ ማኅተሙን ይቆርጠዋል፤ ዛሬ ባይፈስ ነገ ይፈሳል። ንጹሕ መሆኑም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቤንዚን የነካ ጨርቅ የፈሰሰን ዘይት በደቂቃ ያጠፋል። ሞላው ከወለቀ፣ ዘንጉን በእጅ ተጭኖ ወደ ታች ማውረድና መልሶ መሳብ ነው። ተቃውሞው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መሆን አለበት፤ መሃል ላይ በድንገት ባዶ የሚሆን ከሆነ ዘይቱ ጎድሏል ወይም ቫልቩ ተበላሽቷል። ጥንዱንም እንዲሁ፤ የግራው ከቀኙ የተለየ ከሆነ መኪናው በፍሬን ጊዜ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ተከፍቶ አዲስ ዘይት ተሞልቶበት እንደገና የተበየደ አሞርዛተር ከሆነ ደግሞ የብየዳው ጠባሳ ራሱ ይናገራል፤ ከዚያ ቢርቁ ይመረጣል።

ዝቅ ማድረግ

የስፖርት መኪና ባለቤት በጣም የሚጓጓለት ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። እሱ የሚፈልገው ኮይሎቨር የሚባለውን ነው፤ ጥርስ ባለው አካሉ የመኪናውን ከፍታ ማስተካከል የሚያስችል፣ ሞላውም ከፋብሪካው በጣም የጠነከረ ዕቃ። የኢምፕሬዛ የፋብሪካ ሞላ በአንድ ሚሊ ሜትር ለመታመቅ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ግራም ገደማ የሚፈልግ ሲሆን፣ በገበያ ላይ የሚገኙ ብዙ ኮይሎቨሮች ከ6 እስከ 8 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። በጃፓን ለስላሳ አስፋልት ወይም በውድድር ሜዳ ላይ ይህ መኪናውን በመታጠፊያ ላይ ያረጋጋዋል፤ መሪውንም ያፈጥነዋል።

ካምፓላ ሌላ ነገር ናት። እአአ በሚያዝያ 2023 የካርቱን ሠዓሊውና የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ጂሚ ስፓየር ሴንቶንጎ በማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን ያስጀመሩት "የካምፓላ የጉድጓድ ኤግዚቢሽን" ነዋሪዎች የየሠፈራቸውን ጉድጓድ ፎቶ አንስተው እንዲያወጡ ጋበዘ። ፎቶዎቹ ጎረፉ፤ አንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ዓሣ የሚያጠምድ መስሎ ታየ። ነገሩ በቀልድ ቢጀመርም ፕሬዝዳንት ዮዌሪ ሙሴቬኒ ለከተማዋ አስተዳደር 6 ቢሊዮን የኡጋንዳ ሽልንግ እንዲለቀቅ እስከማዘዝ አድርሷል። ጥገናው ቀጥሏል፤ ዝናቡም በዓመት ሁለት ጊዜ እየመጣ የተደፈነውን ይከፍታል። በየትምህርት ቤቱና በየገበያው ፊት ለፊት የተሠሩት ፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎችም አሉ፤ አንዳንዶቹ የመኪናን ሆድ ለመፋቅ የተሠሩ ይመስላሉ።

መኪናው በ30 ሚሊ ሜትር ዝቅ ሲል የሚጠፋው መልክ ብቻ አይደለም፤ ጎማው ወደ ላይ የሚንቀሳቀስበት ቦታ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጉድጓዱ ሲመጣ አሞርዛተሩ መጨረሻው ላይ ካለው የጎማ ማቆሚያ ጋር ይጋጫል፣ ኃይሉም በቀጥታ ወደ መኪናው አካል፣ ወደ ላይኛው መያዣና ወደ ቸርኬው ይሄዳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ይህ ሲሆን ቸርኬ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ከዚህም ሌላ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። በኢምፕሬዛ ዓይነቱ አሠራር ጎማውን ከታች የሚይዘው ክንድ መኪናው ሲዝቅ ወደ ላይ ያጋድላል፤ መኪናው የሚያዘነብልበት ማዕከልም ከክብደቱ ማዕከል በፈጠነ ሁኔታ ይወርዳል። ውጤቱ ሰው ከጠበቀው ተቃራኒ ነው፦ ሞላው ባይጠነክር ኖሮ ዝቅ ያለው መኪና በመታጠፊያ ላይ ይበልጥ ባዘነበለ ነበር። አጭር ሞላ ብቻ ገዝቶ በፋብሪካው አሞርዛተር ላይ መግጠም፣ ርካሽ በመሆኑ የሚዘወተረው መፍትሔ፣ ከሁሉም የባሰው ነው፤ አሞርዛተሩ ላልተሠራበት ጥንካሬና ከፍታ እየሠራ በቶሎ ይሞታል።

ትንሽ የሚያስገርመው ነገር፣ ወጣቶቹ የሚያደንቁት የራሊ መኪና ራሱ ዝቅ ያለ አለመሆኑ ነው። ለኮረኮንች ውድድር የሚዘጋጅ ኢምፕሬዛ ከፍ ይላል፣ የጎማው የመንቀሳቀሻ ርቀት ይረዝማል፣ ሞላውም ከአስፋልት ውድድር ሞላ ይለሰልሳል፤ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሽልንግ የሚወጣው ለዘይቱ ማቀዝቀዣና ለቫልቩ ነው። ዝቅ ያለው መልክ የመጣው ከሌላ ስፖርት፣ ከጃፓን አስፋልት ነው። ማክሬ ሳፋሪን ያሸነፈበት መኪና በዛሬው የካምፓላ ወጣት መመዘኛ "ገና ያልተሠራ" በተባለ ነበር።

ይህ ማለት ግን ከፋብሪካው ውጭ ያለ ሁሉ አይረባም ማለት አይደለም። ከካምፓላ ወደ ኢንቴቤ በሚወስደውና እአአ በ2018 በተከፈተው ፈጣን መንገድ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር መንዳት ይፈቀዳል። ከዚያ መንገድ የወረደ መኪና በደቂቃዎች ውስጥ ቀይ አፈር መንገድ ላይ ሊገኝ ይችላል። በፋብሪካው ከፍታ ላይ የሚገጠም ግን ዘይቱና ቫልቩ የተሻለ አሞርዛተር ለሁለቱም መንገዶች ጥቅም አለው። ምርጫው ላይ አንድ ነገር መታወስ ይኖርበታል። ባለ አንድ ቱቦ የሚባለው የውድድር ዓይነት ሙቀትን በተሻለ ያስወግዳል፤ ነገር ግን ፒስተኑ የሚሄደው በውጭው ግድግዳ ላይ በመሆኑ አንድ የተፈናጠረ ድንጋይ ካጎደጎደው ሊጣበቅ ይችላል። ባለ ሁለት ቱቦው፣ ማለትም አብዛኛው የፋብሪካ ዕቃ፣ የውጭ ግድግዳው ቢጎዳ እንኳ ብዙ ጊዜ ሥራውን ይቀጥላል። አቧራና ጠጠር በሚበዛበት አገር "ኋላ ቀር" የሚመስለው አሠራር የራሱ ብልሃት አለው።

የወንድም መኪና ዕቃ

በሱባሩ ዓለም የታወቀ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ በምሥራቅ አፍሪካም ብዙ ስሜት የሚሰጥ ነው። ኢምፕሬዛና ፎሬስተር በአካላቸው የተዛመዱ በመሆናቸው የብዙ ዓመታት ምርቶቻቸው አሞርዛተር አንዱ በሌላው ላይ ይገጠማል። የፎሬስተርን ምሰሶ ከነሞላው የለበሰ ኢምፕሬዛ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ከፍ ይላል፤ ዕቃው ግን ከላይ እስከ ታች የፋብሪካ ነው። የመገጣጠሚያ ቀዳዳዎቹ ልኬት በሞዴልና በምርት ዓመት ስለሚለያይ አሮጌውን ዕቃ ይዞ ሄዶ ጎን ለጎን ማስተያየት የግድ ነው።

ፎሬስተር የሚነዱት ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባቸው። አንዳንዱ ፎሬስተር ከኋላ ጭነት ሲበዛበት ራሱን ከፍ የሚያደርግ ልዩ አሞርዛተር ይዞ ይመጣል፤ አዲሱ በጣም ውድ ነው። ብዙ ሰው ሲያልቅበት በተራው አሞርዛተር ይተካዋል፣ ይህም ምንም ጥፋት የለበትም። ችግሩ ከልዩው አሞርዛተር ጋር የሚመጣው ሞላ ከተራው የለሰለሰ መሆኑ ነው፤ ክብደቱን ይካፈለው የነበረው አሞርዛተር ሲሄድ ሞላው ብቻውን አይችልም። አሞርዛተሩን ብቻ ቀይሮ የወጣ ሰው ከሳምንት በኋላ መኪናው ከኋላ ተቀምጦ ያገኘዋል። ሞላውም አብሮ መቀየር አለበት፤ የዋጋው ስሌትም ከመጀመሪያው ይህን ማካተት ይኖርበታል።

ስለ ትንንሾቹ ዕቃዎች ብዙም አይነገርም፤ ግን ሰው "አሞርዛተሬ ሞቷል" ብሎ ከሚያማርርባቸው ድምፆች ጥቂት የማይባሉት የሚመጡት ከእነሱ ነው። የላይኛው መያዣ ጎማ፣ የክንዱ ጎሚኒዎች፣ ማረጋጊያ ዘንጉን የሚያገናኙት አጫጭር ብረቶች። ለጎሚኒዎቹ ገበያው ፖሊዩሪቴን የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ መሰል ተተኪ ያቀርባል። የመኪናውን መሪ ያጠራል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው ይባልለታል። ይሁን እንጂ ቅባቱ በአቧራ ሲደርቅ ይንጫጫል፣ የመንገዱንም ንዝረት ሳያለዝብ ወደ ውስጥ ያስገባል። ለዕለት ሥራ የሚነዳ ሰው የፋብሪካውን የጎማ ጎሚኒ ቢመርጥ አይጸጸትም፤ ዋጋውም ከአሞርዛተር ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፣ በእውነተኛው ካርቶን መግዛት የሚያዋጣውም እዚህ ላይ ነው።

ማን ይመረምራል?

የኡጋንዳ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ያገለገሉ መኪኖች ከመጫናቸው በፊት በተነሡበት አገር እንዲመረመሩ ያደርጋል። መኪናው አንዴ ከገባ በኋላ ግን በየጊዜው ብቃቱን የሚያረጋግጥበት አሠራር ለረጅም ጊዜ ሳይጸና ቆይቷል። ኤስጂኤስ ከተባለው ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል ተጀምሮ የነበረው የግዴታ ምርመራ በክፍያውና በውሉ ላይ በተነሣ የፓርላማ ተቃውሞ ተቋርጧል። የሐሰት ካርቶን የለበሰ ዕቃም ቢሆን ከመሰቀሉ በፊት የሚያየው ሻጩ፣ ገዢውና መካኒኩ ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ጥርጣሬው የገዢው ሥራ ሆኖ ይቀራል። የታወቁ አምራቾች ዕቃ ላይ ቁጥሩ በብረቱ ላይ ታትሞ ወይም ተለጥፎ ይገኛል፤ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር መመሳሰል አለበት። ግራና ቀኙ በምሰሶው ላይ ባለው የፍሬን ቱቦ መያዣ ይለያያሉ፤ ሁለት ግራ የያዘ "ጥንድ" ያጋጠመው ሰው የለም ማለት አይቻልም። ዋጋው ከሌሎች ሱቆች በግማሽ ካነሰ ምክንያቱን መጠየቅ ነውር አይደለም። ኪሴካ ውስጥ መኪናውን ለማያውቅ ሰው የሚነገረው ዋጋና ለመካኒክ የሚነገረው እንደሚለያይ ማንም ይገምታል፤ ስለዚህ የራስን መካኒክ ይዞ መሄድ ይመከራል፣ ምንም እንኳ አንዳንዱ መካኒክ ከሻጩ ድርሻ ሊኖረው ቢችልም።

ዕቃው ከተገዛ በኋላ ደግሞ የሚበላሽበት ቦታ ጋራዡ ነው። የታመቀ ሞላ በትክክለኛ መጭመቂያ ካልተያዘ ሲያመልጥ ሰው ሊገድል ይችላል፤ በገመድ ወይም በሽቦ አስሮ መፍታት የሚደፍር መካኒክ ዘንድ መኪናን መተው አይገባም። ምሰሶው ከተቀየረ በኋላ የጎማው አሰላለፍ በመሣሪያ መለካት አለበት፤ በሱባሩ ላይ የጎማውን ማዘንበል የሚያስተካክለው ቦሎን እዚያው ምሰሶው ላይ ነውና በተፈታ ቁጥር ልኩ ይጠፋል። አንዱን ጎን ብቻ ቀይሮ ሌላውን ለሚቀጥለው ወር ማቆየትም ገንዘብ የቆጠበ ይመስላል፤ መኪናው ግን በአንድ እግሩ አዲስ፣ በሌላው አሮጌ ጫማ እንዳደረገ ሰው ያነክሳል።

የመጨረሻው ስሕተት በጣም የተለመደው ነው። መኪናው ክሪክ ላይ እንደተሰቀለ፣ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ፣ የክንዶቹ ቦሎኖች እስከ መጨረሻው ይጠበቃሉ። ጎሚኒው በዚያ ቦታ ላይ ይታሠራል፤ መኪናው መሬት ሲነካ ይጠመዘዛል፣ በጥቂት ወራትም ይቀደዳል። ባለቤቱም የገዛው ዕቃ የማይረባ እንደነበር ያምናል፤ የፋብሪካውን የገዛው "ኦርጂናልም እንደ ድሮው አይደለም" ይላል፣ ተተኪውን የገዛው ደግሞ "ርካሽ አሳሳተኝ" ይላል። ቦሎኖቹን በልኩ ብቻ አስይዞ፣ መኪናውን በአራት ጎማው አቁሞ፣ ክብደቱ ካረፈ በኋላ ማጥበቅ ግን ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅም።